የሞላው ዲስክ እና የእናቴ ልመና

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 1998፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

የጋዜጣችን ድረ ገጽ ዛሬም ወደቀ። ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚመዘገብበት የሎግ ፋይል አብጦ የሰርቨሩን ዲስክ ሞላው። በየሳምንቱ አሮጌው እንዲሰረዝ አድርጌ ነበር፤ አለቃዬ ኡስታዝ ከማል ግን «ምንም እንዳይሰረዝ» ብሎ አስቀረው። ዛሬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የሐበሻዋ ልጅ ሰርቨሩን ገደለችው» አለ። ቤቱን የምታጸዳለት እናቴ ናት፤ ሥራውንም ለምና ያስገባችኝ እሷ ነች። ፋይሉን ባዶ አድርጌ ገጹን መለስኩት።

በሀፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ማለሽ ልጄ፣ አይዞሽ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜልሻለሁ። ይቅር ብሎሻል፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ።

ምን በድዬ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም።