የአውሬ ድርሻ

የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.
ያቤሎ

ለምወድሽ ልጄ ሲፋን፣

አካም ጅርታ? የቱሪዝም ትምህርትሽ እንዴት ነው? እንደ ወጉ ልንገርሽ፤ ሰዉ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፤ ከብቱም ናጋ ነው። የዱሩን ግን ናጋ ነው ልልሽ አልችልም። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኬ አሁን በአባትሽ እጅ ነው። ጎረቤታችን ቡርቱካን ለንግድ ወደ ሀዋሳ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

አባትሽ የአስጎብኚ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኖብኛል። ታውቂያለሽ፣ ከብቱ ጠጥቶ ሲያበቃ ገንዳው ውስጥ ትንሽ ውሃ ይተዋል። የአውሬ ድርሻ ነው፤ ማንም አይነካውም። አሁን ግን በዚህ ድርቅ፣ እሱና ጓደኞቹ የየጉድጓዱን ገንዳ በእሾህ ዘግተውታል። ውሃ ያለው እንግዶች ከሚቀመጡበት ማማ ፊት ብቻ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "ሲፋን አይደለች የመከረችን? እንስሳ ውሃ ባለበት ይሰበሰባል ብላ ጽፋልናለች" አለኝ። እንዲህ ማለትሽ ነበር? አላምንም።

ባለፈው ቅዳሜ ለእንግዶቹ ሻይ ይዤ ማማው ላይ ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው! የሜዳ አህያው፣ ሚዳቋው፣ ከርከሮው በአንዲት ኩሬ ላይ ይራገጣል። ውሃው ከፋንድያ ጋር ተቦክቶ ይከረፋል። ሆዷ የገፋ አንዲት የሜዳ አህያ ተገፍታ ጭቃው ውስጥ ወደቀች፤ መነሣት አቃታት። ሌሎቹ እየረገጧት ጠጡ። እንግዶቹ ፎቶ ያነሣሉ። አስጎብኚው ዩኑስ ደግሞ "ዕድለኞች ናችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ አይገኝም" ይላቸዋል። አባትሽ ሳቀ። ጥጃ ሲታመም እንቅልፍ የሚያጣው ሰውዬ ሳቀ! አስጠላኝ፣ ልጄ። ሻዩን እዚያው ደፍቼ ወረድኩ።

በማግስቱ እሾሁን ከየገንዳው ጎትቼ ጣልኩት፤ ለአውሬውም ውሃ ተውኩለት። እጄ ተቧጭሯል፤ ይድናል፣ አታስቢ። አባትሽ ሲሰማ ጮኸ። "ማን አዘዘሽ?" አለኝ። እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ያንኑ ዕለት መልሶ እንደሚዘጋው አውቃለሁ። የእኔን ቃል ከመቼ ወዲህ ሰምቶ! ያንቺን ግን ይሰማል፤ የተማረች ልጄ እያለ አገር ያሰለቸ ሰው ነው። ስለዚህ "ሲፋን ናት፣ ደውላ ክፈቺው አለችኝ" አልኩት። "ራሷን እጠይቃታለሁ" ብሎኝ ወጣ።

ከነገ ወዲያ ከገበያ ሲመለስ ሊደውልልሽ ነው፤ ቡርቱካን ነገ ትደርስልሻለች። አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ፣ እባክሽ አዎ በይው። ያኔ ገንዳውን ዝጉ ብለሽ ጽፈሽ ከሆነም አሁን አዎ በይው። እኔ መልስሽ እስኪሰማ ድረስ እሾሁን እንዳይመልሱት ገንዳው አጠገብ እውላለሁ።

ዋቃ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ለእኛም ዝናቡን ይላክልን።

እናትሽ ጉያቱ