በትእዛዝ በጎ ፈቃደኛ ስላደረጉን የቀረበ ምስጋና

ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ባላምባራስ ደስታ ይመኑ፣
የሸዋ ሮቢት ታማኝ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቆላችን ሙቀትና የወባዋ ትንኝ ባለ ሹመትን ከተራው ሰው ለይተው አያውቁምና፣ ከሁለቱም እንዲሰውርዎ እኛ በጸሎት፣ እስላም ጎረቤቶቻችንም በዱዓ ስምዎን ሳናነሳ ውለን አናድርም። አዲሱ ነጭ ልብስዎ ከታጠበ ወዲህ እጅጌው አጥሯል ሲባል ሰምተንም እንደ አንድ ቤተሰብ አዝነናል።

ጸሐፊዋን ያውቁኛል፤ ከወንዙ ዳር የነጋዴ ማደሪያ ያለኝ ሐረገወይን ጉልላት ነኝ። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ማኅበርተኛውም ይህን ስለሚያውቅ «እትዬ ሐረገወይን፣ አንቺ ጻፊልን፣ እኛ እንናደዳለን» ስላለኝ ሥራውን ተከፋፍለናል። ደብዳቤው አርብ ከሶላት በኋላ በገበያው ሾላ ሥር፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይነበባል። የጣሊያኑ ሹም «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስተርጓሚው «ባላምባራስን እያመሰገኑ ነው» ሊለው ቃል ገብቶልናል። ሐሰት ተናገረም አይባልም፤ የምናመሰግንዎት ነገር ብዙ ነውና።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ እናመሰግናለን። እርስዎ እስኪሾሙልን ድረስ ማኅበራችን ስም አልነበረውም። ጣርማ በር ላይ ተራራው ሲፈለፈል ታመው የወደቁ የመንገድ ሠራተኞች በካሚዮን እየመጡ መንገድ ዳር ሲጣሉ፣ ግመል ነጂው አብዱረሂምና በቅሎ ጫኙ ሞገስ አንዱን ሰውዬ በጋቢ አዝለው ወደ ማደሪያዬ አመጡት። አጥሚት አጠጣሁት። ሌላም ተከተለ፣ ሌላም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ከወንዙ ግራና ቀኝ ገመድ ወጥረው መንገደኛውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ በሽተኛውን ያሻግሩ ጀመር። ይህን ሁሉ ስናደርግ ማኅበር መሆናችንን አላወቅንም ነበር፤ ሰዉም «እነዚያ ሰዎች» እያለ ነበር የሚጠራን። እርስዎ መጥተው «ታማኝ» የሚል ቃል ጨመሩልን። ለማን እንደምንታመን ግን እስከ ዛሬ የነገረን ስለሌለ፣ ለጊዜው ለወንዙ እየታመንን ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃዳችንን ስላጠነከሩልን እናመሰግናለን። በገበያ ባስነገሩት አዋጅ «በገዛ ፈቃዱ ለአገልግሎት ያልመጣ ሁሉ ይታሰራል» ሲሉ ሰምተን፣ ፈቃዳችን ከዚያ በፊት ምን ያህል ልል እንደነበረ ገብቶናል። ሞገስ ለመጀመሪያው ሰልፍ ዘግይቶ የታሰረው በሽተኛ ተሸክሞ ስለነበር ነው። ሲፈታ «በእስር ቤት በጎ ፈቃዴ ታድሶ ወጣሁ» ብሎ ሳቀ፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንበሩ። ሊቀ መንበር ተብለው ሲሾሙ ቃሉን እንደ ቃሉ ወስደው፣ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ባለ መደገፊያ ወንበር ከአዲስ አበባ በካሚዮን አስመጡ። እኛ ሁልጊዜ የምንቀመጠው በድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ የማኅበራችን መቀመጫ ከፍ ማለቱን በዓይናችን ለማየት በቃን።

አራተኛውን ቁጥር ሰጥቼ የምጨርሰው አይደለምና እንደ ሆነው ልተርከው። እርስዎ ቢያውቁትም ለገበያ የሚመጣው የካራቆሬና የቀወት ሰው ሊሰማው ይገባል።

በሐምሌ መጨረሻ ከላይ የሚመጣ የጣሊያን ተቆጣጣሪ ማኅበሩን ይጎበኛል ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ከወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አሰለፉን። ቃሬዛዎቻችን በቀለም ተቀብተው የመግቢያው ማስጌጫ እንዲሆኑ እንጨት ላይ ተቸንክረው ነበር። ወንበርዎ ከፊት ተቀምጧል። ወንዛችን ሮቢ ሞልቶ ጭቃ መስሎ እየጮኸ ይወርዳል። ያን ጊዜ ከማዶ አንድ ሰው እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ ሰማን፤ ገበሬው ኢብሮ ነበር። «ሐምዲያ ምጥ ይዟታል! ልጁ አልወርድ ብሏል! እትዬ መሪያምን አምጡልኝ!» ይላል።

አዋላጇ እትዬ መሪያም በእኛ በኩል፣ ሐምዲያ በማዶ፣ ወንዙ በመካከል። አብዱረሂም ከሰልፉ ወጣ። እርስዎ «ማንም ንቅንቅ እንዳይል! ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ ናቸው!» ሲሉ፣ እርሱም ዞር ብሎ በትሕትና «ባላምባራስ፣ ልጁም መንገድ ላይ ነው» አለዎት። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሰልፍነቱ ቀረ።

ቃሬዛዎቹን እንንቀል ብንል ችንካሩ ጠንክሯል። እትዬ መሪያም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደረሱ፤ ወንዙን አዩ፤ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያም ሄደው ከፋዩ ላይ ተቀመጡና «ይኼ ይሆነኛል፤ አጠና እሰሩበት» አሉ። እርስዎ «ኧረ እትዬ፣ የመንግሥት ወንበር ነው!» ብለው እጅዎን በራስዎ ላይ ጫኑ። የሳቸውን መልስ ሕዝቡ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ እኔም ስጽፈው ከአክብሮት ጋር ነው። «ልጄ፣ አንተንም ያዋለድኩህ እኔ ነኝ። ያን ቀን መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር፤ ወንበር ይምጣልኝ አላልኩም።»

እጅዎን ከራስዎ ላይ አወረዱ። እኛም ወንበሩን ከሁለት አጠና ጋር አሰርነው። አብዱረሂም የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ከማዶ ካለው ግራር ጋር አሰረው፤ የዚህኛውን ጫፍ ሞገስ ያዘው፤ ወንዶቹ ወንበሩን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ውኃው ገቡ። መሐል ሲደርሱ ውኃው ከደረታቸው አለፈ፤ እትዬ መሪያም «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ የወንበሩን ክንድ ጨብጠዋል። ያን ጊዜ ሞገስ በጭቃው ተንሸራቶ ወደቀ፣ ገመዱም ከእጁ ሾለከ። ጮኽሁ። ሴቱ ሁሉ ጮኸ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ዓይናችን እያየ ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር።

ገመዱን የያዘው ሰው እርስዎ ነዎት። ከነነጭ ልብስዎ፣ ከነጫማዎ፣ እስከ ደረትዎ ድረስ ውኃ ውስጥ ዘለው ገብተው፣ ሁለት እግርዎን ድንጋይ ላይ ተክለው ያዙት። ፊትዎን ከቅርብ አየሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው የይመኑ ልጅ ፊት ነበር፤ ሹመትዎ ከመጣ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። እትዬ መሪያም ከማዶ እስኪወርዱ ድረስ አልለቀቁትም።

ተቆጣጣሪው የደረሰው ልክ ያን ጊዜ ነው። ከመኪናው ወርዶ ሊቀ መንበሩን በጭቃ ውስጥ፣ ወንበሩን በማዶ፣ ሰልፈኛውን በውኃ መሐል አየና «ይህ ምንድን ነው?» አለ። እርስዎም ጥርስዎ እየተንቀጫቀጨ በአስተርጓሚው በኩል «ለክብርዎ ያዘጋጀነው ትርዒት ነው» አሉት። አጨበጨበ! ፎቶግራፍም አነሳ። እኛም ማንም ቢጠይቀን ትርዒት ነበር እንላለን፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ትርዒት በሸዋ ታይቶ አይታወቅም እንላለን።

ሐምዲያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለደች። ኢብሮ «ሰዓዳ» ብሎ አወጣላት፤ በዐረብኛ ደስታ ማለት ነው ሲባል፣ ስሙ ከማን እንደተወሰደ ሰው ሁሉ ገባው። ያን ቀን «ለካ ሊቀ መንበር አለን» ተባብለን ተለያየን።

ይህን ያህል ስላስደሰቱን፣ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረጉትን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ቢወስድብን አይፍረዱብን። ትርዒቱ ስለተወደደ ለመንግሥት በዓል ብቻ እንዲታይ፣ ገመዱና ቃሬዛዎቹም ያለ በዓሉ እንዳያረጁ መጋዘን እንዲቆለፍባቸው፣ ቁልፉ በኪስዎ እንዲሆን፣ መሻገር የሚፈልግ ሰውም አስቀድሞ የፈቃድ ወረቀት እንዲያወጣ አዘዙ። ወንዙ ግን ትእዛዙ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ያለ ፈቃድ መሙላቱን ቀጠለ።

የካራቆሬዋ ጥጥ ነጋዴ ከዲጃ ባለፈው ሳምንት ከማዶ ደረሰች። ዝናቡ እየወረደባት ብዙ ጠበቀች፤ ሲመሽባት ፈራችና አህያዋን እየነዳች ብቻዋን ገባች። አህያዋን ከነጥጡ ወንዙ ወሰደው። እርሷን አብዱረሂም ያለ ገመድ ገብቶ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አግኝቶ አወጣት፤ እርሱም ለጥቂት ተረፈ። አሁን ማደሪያዬ ተኝታለች። ስለ አህያዋ አታነሳም። «ቆማችሁ ታዩኝ ነበር» ብቻ ትላለች። እውነቷን ነው፣ ባላምባራስ። ቆመን እናያት ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስላት ይንገሩኝ፤ እርስዎ ከእኔ የተሻለ አንደበት አለዎት።

የሚፈሩትን እናውቃለን። ሹሙ «በዚህ ገመድ አርበኛ ይሻገርበታል» ብሎ እንደሚጠረጥር፣ እርስዎንም በየጊዜው እየጠራ እንደሚያፋጥጥዎ ሰምተናል። እንቅልፍ እንደማይወስድዎትም ከዓይንዎ ያስታውቃል። እኛ የምናሻግረውን ሰው ስሙን አንጠይቅም፤ የምናየው እርጥብ መሆኑን ነው። ይህን ለሹሙ ሊነግሩት ይችላሉ፤ ካልተዋጠለት ግን እንደዚያ ቀን ሌላ ትርዒት ይፍጠሩለት፤ ተሰጥኦው አለዎት።

ስለዚህ ከአክብሮት ጋር የምንለምንዎት፣ መጋዘኑን እንዲከፍቱልንና ወንበሩን ትተው ወደ ገመዱ እንዲመለሱ ነው። ሞገስ ያን ቀን ሲወድቅ እግሩ ወለም ስላለው የገመዱ ጫፍ ያዥ የለውም፤ እንደ እርስዎ አጥብቆ የሚይዝም አላገኘንም።

ዕድሜዎን እንደ ማዕረግዎ ያርዝምልን፣ ጫማዎንም ቶሎ ያድርቅልን፣ በየአዋጅዎ መጨረሻ ላይ ስማችንን ሳይጠሩ የማያድሩ ጌታችን፤ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከአጠገብዎ ቆመን እጅ የምንነሳ፣

የቀድሞዎቹ «እነዚያ ሰዎች»፣
በእጄ የጻፍኩት ሐረገወይን ጉልላት።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ስለተከሰተው ነገር ይቅርታዎን እንለምናለን። ትናንት ከቀወት በወባ የተያዘች ሴት ማዶ ወድቃለች ተብሎ ተጠራን። ቁልፉን ከኪስዎ ለመጠየቅ ብንፈልግዎ ሹሙ ዘንድ ነዎት ተባልን። ስለዚህ ቁልፉን ሳንነካ የመጋዘኑን በር ከነማጠፊያው ነቅለን፣ ገመዱን ወጥረን፣ ሴትዮዋን በበሩ ላይ አስተኝተን አሻገርናት። ስናያት እኅትዎ እትዬ ንግሥት ናቸው። ትኩሳቱ ዛሬ በረድ ብሎላቸዋል፤ ከከዲጃ አጠገብ ተኝተው «ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። የፈቃድ ወረቀት ሳይዙ ስለተሻገሩ ሊያስሯቸው ሲመጡ፣ እባክዎ ትንሽ መረቅ ይዘው ይምጡ።