በመጽሐፉ ውስጥ የሞተው ባቡር ነጂ

ሰኞ፣ የካቲት 4፣ ጠዋት

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ውሃ ከቦኖ ራሴ አመጣለሁ፤ ግማሽ ባልዲ ቢሆንም አመጣለሁ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ያለ ምርኩዝ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ። የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ ቢሆንም ማንም አያነብልኝም። አንተም ላይ፣ ደብተሬ፣ ከእኔ በቀር ማንም አይጽፍም።

አስተማሪዋ ልጄ አልማዝ ያመጣችልኝን መጽሐፍ አጋመስኩት። ተማሪ ሁሉ ያነበዋል አለች። የጻፈው ተፈራ ነው። ጣሊያን እንደወጣ ጉምሩክ ተቀጥሮ የጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ የነበረው ዝምተኛ ልጅ።

ታሪኩ የአንድ ባቡር ነጂ ሚስት ታሪክ ነው። የባሏን ባቡር ፉጨት ከሌላው ነጂ ፉጨት ትለያለች። ሲያፏጭ የእግሩን ውሃ ትጥዳለች።

እኔ ነኝ! እኛ ነጂዎች የየራሳችን አነፋፍ ነበረን። የኔ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያኔ ሚስቴ በላይነሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ውሃ ትጥዳለች። ስገባ ለብ ብሎ ይጠብቀኛል።

ደስ አለኝ። ደግሜ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ የካ. 6

ገደለኝ።

ባልየው አይመለስም። ጦርነት ይወስደዋል። ሴትየዋ ባቡር በጮኸ ቁጥር ውሃ ትጥዳለች፣ ይቀዘቅዛል፣ ትደፋዋለች። እስክትሞት።

ውሸት! እኔ ሁልጊዜ ተመልሻለሁ። የሄደችው እሷ ናት፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን አንባቢ ሁሉ በላይነሽ የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ኖረች ሊል ነው።

አልማዝ መጣች። ተፈራ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በባቡር ይመጣል፤ በድሮ ክፍሉ ማደር ይፈልጋል አለችኝ። ሆቴል ይደር አልኳት። አባዬ ልብ ወለድ እኮ ነው አለች። እንግዲያው የራሱን ሚስት ውሃ ያስጥዳት አልኩ። አላገባም ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደጄን አይረግጥም፣ አለቀ።

ሐሙስ 7፣ ከሰዓት

ሙቀት። ጎረቤቴ ፋጡማ መጣች። የበላይነሽ የልብ ወዳጅ፤ የማታውቀው ነገራችን የለም። ብሶቴን ነገርኳት። መሐረቧን እያራገበች ሰማችኝ።

«አቦ ደምሴ! በዚህ ዕድሜህ በውሃ ትቀናለህ?»

ተቆጣሁ። ተነሽ ሂጂልኝ አልኩ። አልሄደችም።

«ወላሂ፣ አንተን ማን ጻፈህ? የእናቱ ታሪክ እኮ ነው!»

ነገረችኝ። ጣሊያን የተፈራን አባት ከአዲስ አበባ በባቡር ጭኖ ወሰደው። እዚህ ድሬ ሲወርድ ታይቷል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቱ ባቡር ባፏጨ ቁጥር በር ላይ ትወጣ ነበር፤ እንዲሁ ስትጠብቀው አረፈች። ልጁ እዚህ የመጣው ለጉምሩክ ሥራ አልነበረም፤ አባቱን ሊፈልግ ነው። ይህን ሁሉ ለበላይነሽ ማድ ቤት ተቀምጦ ነግሯታል። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። እኔ ሐዲድ ላይ ነበርኩ።

ፋጡማ ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፉጨቴ ሲሰማ ልጁ ማድ ቤት ገብቶ በር በሩን ያያል ትለኝ ነበር በላይነሽ። ስገባ ብድግ ይላል። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ 8

መጨረሻውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ፉጨቱ የኔ። እጇ የበላይነሽ። መጠበቁ ግን የእናቱ ነው። ያ ዘመን ስንት ቤት ውሃ አስጥዶ ሰው አስቀርቷል። የኔ ቤት ውሃ ግን አልቀዘቀዘም። ልጁ ይህን ነበር ሲያይ የኖረው። በቅናት ይሁን በናፍቆት፣ አላውቅም።

እዚሁ ይደር ብዬ ለአልማዝ ላክሁባት። ሰው ልላክልህ፣ ቤት ያጽዳ፣ ወጥ ይሥራ አለች። እምቢ አልኩ። ደጄን የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ዕዳው የኔ ነው፣ ራሴ እከፍለዋለሁ።

ፋጡማ ላይ ትናንት ጮኼባታለሁ። ከገበያ የምትወደውን ፓፓያ ይዤ እሄዳለሁ፣ ይቅርታ አልልም፣ እሷ ትረዳዋለች። የበላይነሽን መቃብር ኖራ እቀባለሁ። የጓሮውን ክፍል እጠርጋለሁ፣ የአልጋውን ጠፍር አጠብቃለሁ። ነገ ባቡሩ ሲያፏጭ፣ የማንም ነጂ ፉጨት ይሁን፣ ውሃ እጥዳለሁ። በር በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ። ተፈራ ሲገባ ብድግ እላለሁ።