ከተሰማ በላይ ያለው ስም

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ጉግሳ ተሰማ፣ መርሳ።

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ወገብዎ እንዴት ነው? ከዘራውን ይይዛሉ ወይስ እንደ ልማድዎ በር ላይ ትተውት ይወጣሉ? እማዬስ ዓይኗን ተሻላት? ማሽላው እንዴት ያዘ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኞች ነን። እኔ ግን ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ትናንት ፕሊማውዝ ወደሚገኘው መጋዘን ለሥራ ስነዳ ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን መገንጠያ ሁለት ጊዜ አልፌ ሄድሁ።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጅዎ ትሕትና ናት። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ የቤተሰብ ስም አለው። ስትወለድም የእኔን ወረቀት አይተው «ትሕትና ጉግሳ» ብለው መዘገቧት። የወለድኳት እኔ፣ የምትጠራው በእርስዎ! ባለቤቴ ፀዳለ በዚህ ስትስቅብኝ ይኸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆናት።

በቀደም አስተማሪዋ፣ የቤተሰብ ስማችሁን የያዙ የታሪክ ሰዎች ፈልጉ ብላ አዘዘች። ልጅቱ ኢንተርኔት ከፍታ ይማም ጉግሳን፣ ማርዬ ጉግሳን፣ ዶሪ ጉግሳን አገኘች፤ ሦስት የየጁ መሳፍንት፣ ወንድማማቾች። እርስዎ የጁ መሆንዎን ታውቃለችና «አያቶቼ» ብላ ትልቅ ካርቶን ላይ ለጥፋ ለክፍሉ አሳየች። በማግስቱ ደግሞ ከዚያው ከኢንተርኔት በጣሊያን ጊዜ ለጠላት ያደረው ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ወጣ። እያለቀሰች መጥታ፣ ዳዲ ትሬይተሩም፣ ከሃዲው ማለቷ ነው፣ የእኛ ነው ወይ አለችኝ።

ሳቄን ውጬ አስረዳኋት። የኛ ስም የቤት ስም አይደለም፤ ጉግሳ የሚባል ሰው የወለደው ሁሉ እገሌ ጉግሳ ነው። የሦስቱ አባት የየጁው ጉግሳ፣ የከዳው ሰውዬ አባት ደግሞ የትግሬው፤ በመካከላቸው መቶ ዓመት አለ። የኛው ጉግሳ መርሳ ተቀምጦ ከማሽላው ጋር የሚጣላ ነው አልኳት። እንባዋን ጠርጋ፣ የእሱስ አባት ማነው አለች። ተሰማ አልኳት። የተሰማስ? አያትሽን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።

አባባ፣ ፀዳለን ላገባ ዘር ሲቆጠር ትዝ ይልዎታል? የእሷ ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። የኛ ተራ ሲደርስ እርስዎ ተሰማ ላይ ቆሙ። የነፍስ አባታችን «የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ስሞች ደርድረው አሳለፉን፤ እርስዎ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ሠርጉ ቸኩሎብኝ አልጠየቅሁም። በኋላ አክስቴ ዮሐና፣ አባቷ ተሰማ እርስዎን በክፉ ቀን ከመንገድ አንስቶ እንዳሳደገዎት ሹክ አለችኝ። እኔም ይኸን ሁሉ ዘመን ዝም አልሁ። ያፈርኩት በእርስዎ አይደለም፤ በገዛ ዝምታዬ ነው። ለልጄ የዚያን ዕለቱን የፈጠራ ስም ልነግራት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አቃተኝ።

በስልክ ብጠይቅዎ «ሁሉ ደህና ነው» ብለው ስልኩን ለእማዬ እንደሚሰጡብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ቶኩማ ለዕረፍት ሲመጣ ይኸን በእጁ ሰደድሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚነግሩትን ጽፎ ይመጣል። የወለደዎትን ሰው ስም ካስታወሱ ይንገሩኝ። አላውቀውም ካሉም ያንኑ ይላኩልኝ፤ ለልጄ እሱን ይዤ እገባለሁ። እኔ እንደሆን፣ በረሃብ ቀን የሰው ልጅ አንስቶ ስሙን የሰጠ አንድ ተሰማ ከሦስቱ መሳፍንት ይበልጥብኛል። ብቻ ሰው አላፊ ነውና አይቆዩብኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እትዬ ዮሐናን፣ ስለነገረችኝ እንዳይቆጧት አደራ። እህቴን ፈዲላን ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ። ፀዳለ እጅ ትነሳለች። ትሕትናም አማርኛ መጻፍ ገና እየተማረች ስለሆነ ፊደሏ ቢንጋደድ አይፍረዱባት፤ ከዚህ በታች በገዛ እጇ ስሟን ጽፋ፣ የቀረውን መስመር ለእርስዎ ባዶ ትታዋለች።

ልጅዎ አሳምነው ጉግሳ
ኒው ሆፕ፣ ሚኒሶታ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ትሕትና አሳምነው ጉግሳ ተሰማ ________