የማይገጥመው ዕረፍታችን

እታለም፣

የእማዬን ሾርባ ድስቱ ውስጥ ትቼዋለሁ፤ አሙቀሽ ስጫት። ዛሬ ዕረፍትሽ ስለሆነ ላነቃሽ አልፈለግኩም። ማታ ስትገቢም እኔ ተኝቼ ነበር።

እኔ ዳቦ ቤት በየአራት ቀኑ አርፋለሁ፣ አንቺ ሆስፒታል በየስድስት ቀኑ። በየአሥራ ሁለት ቀኑ ስንገጥም እማዬን ግራና ቀኝ ደግፈን ፀሐይ ላይ እናወጣት ነበር። ለባልደረባሽ ሰርግ ብለሽ ተራሽን በአንድ ቀን ስትገፊው "አንድ ቀን ምን አላት" አልሽኝ።



ትናንት የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩት። ዛሬን አንድ ብንል፣ አንቺ በአንድ፣ በሰባት፣ በአሥራ ሦስት ታርፊያለሽ። እኔ በሁለት፣ በስድስት፣ በአሥር። አራትም ስድስትም ለሁለት ይካፈላሉ፤ ስለዚህ የእኔ ዕረፍት ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ላይ፣ የአንቺ ሁልጊዜ ጎዶሎ ላይ ይውላል። ጡረታ እስክንወጣ ብንቆጥር አንገናኝም።

አንድ ቀን ብቻ እንዲገፋልኝ አለቃዬን ለመንኩት። "ለአንዱ ከፈቀድኩ ሁሉም ይመጣብኛል" አለኝ። ያንቺዋም አለቃ እምቢ ብላለች። ምን እንደምናደርግ እኔ እንጃ።

እማዬን ብቻሽን ልታነሺያት እንዳትሞክሪ። እኔ ባለፈው ዕረፍቴ ሞክሬ ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን። አልተጎዳችም፤ እንዲያውም ሳቀችብኝ።

ግቢ ያለውን ወንበሯን ላስገባው ስል ግን "ተዪው፣ ሁለታችሁም ያላችሁ ቀን እቀመጥበታለሁ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

አንቺም አታስገቢው።