ከምላስ ስር

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ለሩቋ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔ ኩርፊያ እንዳለ ነው። ለወገቤ የምውጠውን ማስታገሻ «ሱስ ሆኖብሻል» ብለሽ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ በአክስትሽ ልጅ አስይዘሽ እዚህ ማገገሚያ ያስገባሽኝን አልረሳሁም። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ለዚሁ ነው። ይህን ወረቀት የጀመርኩትም የድሮውን ክኒኔን በሰው እንድትልኪልኝ ለማዘዝ ነበር።

እዚህ ያለችውን ነርስ አላምናትም። ሲያልበኝ አንሶላ ትቀይራለች፣ ግፊቴን ትለካለች፣ ውሃ በጨውና በስኳር በጥብጣ ታጠጣኛለች። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይለፋም። የድሮውን ይተካል የምትለውን ክኒን ስትሰጠኝ ደግሞ «እንዳይውጡት እማማ፣ ከምላስዎ ስር ይያዙት» ትልና እስኪሟሟ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«የሚዋጥ እንጂ የሚታቀፍ ክኒን አይቼ አላውቅም» አልኳት።

«ከዋጡት አይሠራም። እስኪሟሟም አያውሩ።»

«እሱን በይ። አፌን ልታዘጊኝ ነው።»

«እሱም አንዱ ጥቅሙ ነው» አለችኝ፣ ደፋር።

ከዚያ ክኒኑ እያነሰ መጣ። ትናንት ጭራሽ ግማሽ ሆነ። ግማሹን የት አደረስሽው ስላት፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው አለች። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና ማዘዣውን አምጪ አልኳት። አመጣች። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እውነትም ግማሽ ይላል። ሐኪሙስ የእሷው ሰው ቢሆን?

ዛሬ ጠዋት ግን እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ክኒኑ ከምላሴ ስር እንዳለ ቁርጠቱ ተነሳብኝና የአልጋውን ብረት ጨብጬ አለቀስኩ። ግንባሬን እየጠረገች «አይዞሽ፣ ቆቂቱ» አለችኝ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው አላምን ስል፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ስባንን፣ እያሾፍሽ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ማን ነገራት? አፌ ተይዞ መጠየቅ አልቻልኩም። ክኒኑን መትፋት እችል ነበር። አልተፋሁትም።

ኋላ «ማታ ማታ ኮሪደር ላይ በስልክ የምታወሪው ከማን ጋር ነው?» ስላት ጓንቷን ማውለቅ ያዘች። እኔን አታታልሉኝም፤ ሁለታችሁ ትዶልቱብኛላችሁ።

ስለዚህ ስሚኝ። ላኪልኝ ልልሽ የነበረውን የድሮውን ክኒን ነገር ለጊዜው ተዪው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ። ማታ ስትደውዪላት ደግሞ የክፍሌ በር አጠገብ ቆማ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ታውራሽ። እኔ አላነጋግርሽም፣ አኩርፌያለሁ። በሩ ግን ስስ ነው።

ካለሽበት ክፉ አይድረስብሽ፤ እንቅልፍሽም ከእኔ ይሻል።

እናትሽ
ቆቂቱ