ኋላ የምትገባው መርከብ

መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ለልጄ ለዓምደሚካኤል፣

እንዴት ሰነበትክልኝ፣ የኔ ባሕረኛ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ድንች ተሸክሞ ከአትክልት ተራ ዳገቱን ይወጣል፤ ስለ እኔ አታስብ።

ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ ሰፈሩ በሹክሹክታ ሊያብድ ነው። «ዳሞት»ን መትተዋታል፣ ሰምጣለች ይላሉ። ሳቄ ነው የሚመጣው! መርከባችሁን ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? እህል የጫኑትን እያጀበች ከአሰብ ምጽዋ ስትመላለስ ስንት ዘመኗ! ሞተር ክፍሏ የተቃጠለ ጊዜ ተጎትታ አሰብ ገባች፤ ተጠግና ወጣች። ዳህላክ አጠገብ ጎኗን በጥይት ወንፊት ያደረጓት ጊዜ ደግሞ፣ እኔ እዚህ እንባዬን ጨርሼ ስቀመጥ አንተ ደውለህ «እማዬ፣ በርበሬ ላኪልኝ» አልከኝ። እንዲያ ሰድቤህ አላውቅም።

የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል ግን አላስቀምጥ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ በመስኮት ባይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአክስትህ ከአስካለ ጋር ደጄ ላይ ቆመዋል። መርዶ ይዘው መምጣታቸው አልጠፋኝም። በጓሮ በር ሹልክ ብዬ፣ በዶሮ ማነቂያ አድርጌ ጊዮርጊስ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ከቤት እወጣለሁ። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ካላገኙኝ ለማን ሊነግሩ ነው?

ትናንት ከቅዳሴ ስወጣ አቶ ወልደገብርኤል በሩ ላይ ያዙኝ።

«የሺዓለም፣ እስከ መቼ ትሸሻለሽ?»

«አጃቢ መርከብ ኋላ ነው የምትገባው። ጭነቶቹ ሳይገቡ ወደብ አትገባም፤ ልጄ ነው የነገረኝ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ጭነቶቹማ አሰብ ከገቡ ቆዩ፣ እህቴ።»

ይግቡዋ! እንግዲህ ተራው የመርከባችሁ ነው፣ ልጄ።

ደብዳቤውን አሰብ ለሚወርድ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ረቡዕ እደርሳለሁ ብሎኛል። በርበሬውንም አስፈጭቼ አብሬ ልኬልሃለሁ። ዘንድሮ መረር ይላል።

ዓምዴ፣ መሸሹ ደከመኝ። እሑድ ማለዳ የትም አልሄድም፤ ለአቶ ወልደገብርኤልም ይኸንኑ ነግሬያቸዋለሁ። የጎረቤታችን የመይሙና ሱቅ ስልክ ቁጥሩ ያው ነው። ሲጮህ ግድግዳውን እደበድብልሻለሁ ብላኛለች።

ማዕበሉን ጸጥ ያደረገ ጌታ መርከባችሁን በእጁ ይያዝልኝ። ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላ ትጋርድህ።

ከእነሱ በፊት ደውልልኝ፣ ልጄ። በርበሬው መረረኝም ብትል አልሰድብህም።

እናትህ የሺዓለም